አሮጌ መኪና ኤሌክትሪክ ሲያጣ፦ ባትሪ ከመግዛት በፊት ምን ይለካ?

በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ፣ በየደጃችን የቆመው አሮጌ መኪና ከታሰበለት ዕድሜ በላይ እንዲያገለግል ግድ ሆኗል። ከዚያም ቀደም ብሎ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ለማስገባት የሚከፈለውን ግብር እጅግ ከፍ ስላደረገው፣ «ይህን ሸጬ ሌላ እገዛለሁ» የሚለው ሐሳብ ለብዙ ሰው የማይሞከር ሆኗል። ድሬዳዋና ሐረር አሮጌ መኪናን ተንከባክቦ ማኖር ለዘመናት የለመዱ ከተሞች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 ፈረንሳይ ውስጥ ይመረት የነበረው ፔጆ 404 በታክሲነት የዘለቀው በእነዚህ ከተሞች ባለሙያዎች እጅ ነው።

የሞተር ጥገና በየጋራዡ የሚታወቅ ሙያ ነው። ኤሌክትሪክ ግን በዓይን ስለማይታይ ብዙዎችን ግራ ያጋባል። አንድ ቀን ማለዳ ቁልፉ ሲዞር መኪናው ዝም ካለ፣ ባለቤቱ «አቦ፣ ባትሪው ሞቷል» ብሎ ይደመድምና አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አዲሱም እንደ አሮጌው ዝም ይላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ባትሪው የሌላ ብልሽት ተጎጂ ነው፤ ያ ብልሽት እስካልተገኘ ድረስ የሚቀጥለውም ባትሪ ተራውን ይጠብቃል። ይህ ማብራሪያ ኤሌክትሪኩ የሚሄድበትን መንገድ ተከትሎ፣ ኃይሉ የት ላይ እንደሚጠፋ በአንድ ተራ ቴስተር (የቮልትና የአምፔር መለኪያ) እንዴት መለየት እንደሚቻል ያሳያል።

ኤሌክትሪኩ በመኪናው ውስጥ እንዴት ይዘዋወራል?

ቤቱ ላይ ሮቶ የሰቀለ የድሬዳዋ ነዋሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ባትሪው ሮቶው ነው፤ ከሞተሩ ጋር በቺንጋ ተያይዞ የሚሽከረከረው ዲናሞ (አልተርኔተር) ሮቶውን የሚሞላው ፓምፕ ነው፤ ገመዶቹ ቧንቧዎቹ ናቸው፤ መብራቱ፣ ክላክሱና ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ደግሞ ውሃው የሚቀዳባቸው ቦታዎች ናቸው። ቮልት ማለት ግፊቱ ነው፤ አምፔር ማለት በአንድ ጊዜ የሚያልፈው መጠን ነው። በአንድ ነገር ግን ይለያያሉ፦ ውሃ ተቀድቶ ይቀራል፣ ኤሌክትሪክ ግን ወደተነሣበት ባትሪ መመለስ አለበት። መመለሻው ከተቋረጠ፣ መሄጃው ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆን አንድም ነገር አይሠራም።

የመመለሻው መንገድ የመኪናው ብረት ራሱ ነው። የባትሪው ኔጌቲቭ በወፍራም ገመድ ከሞተሩና ከቦዲው ጋር ይታሰራል፤ ባለሙያዎች ይህንን ማሳ ይሉታል። ሞተሩ በጎማ ትራስ ላይ ስለሚቀመጥ ከቦዲው ጋር በብረት አይገናኝም፤ ስለዚህ ሞተሩንና ቦዲውን የሚያገናኝ ሌላ ገመድ ወይም ጠፍጣፋ የመዳብ ሽሩብ መኖር አለበት። በአሮጌ መኪና ላይ በጣም የሚረሳው ክፍል ይህ ሽሩብ ሲሆን፣ ወደ ኋላ ሰፋ አድርገን እንመለስበታለን።

ባትሪው ራሱ መሞቱ በምን ይታወቃል?

ተራ ዲጂታል ቴስተር ይያዙ፤ መምረጫውን በዲሲ 20 ቮልት ላይ ያድርጉ። ለጥቂት ሰዓታት የቆመ፣ ሁሉም ነገር የጠፋበት መኪና ባትሪ በሁለቱ ምሰሶዎች (በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ ጫፎቹ) ላይ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.4 ከሆነ ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ቀርቶታል፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ባትሪው እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት ገደማ የሚሰጡ ስድስት ሴሎች ስላሉት፣ ቻርጅ ተደርጎም ከ10.5 ቮልት አካባቢ አልነቃነቅ ካለ አንዱ ሴል ሞቷል፤ እንዲህ ያለው ባትሪ በእርግጥም መቀየር አለበት።

ቆሞ የተለካው ቮልት ብቻውን ግን አያስተማምንም። ሁለተኛው ልኬት የሚወሰደው ሌላ ሰው ቁልፉን አዙሮ ሞተሪኖው በሚሠራበት ቅጽበት ነው። ሞተሪኖ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 200 አምፔር ሊስብ ስለሚችል ቮልቱ መውረዱ አይቀርም፤ ከ9.6 በታች ከወረደ ግን ባትሪው አቅሙን ጨርሷል፣ ወይም በቂ ቻርጅ የለውም። ቮልቱ ከ10 በላይ ቆሞ ሞተሪኖው እያቃሰተ የሚዞር ከሆነ፣ ባትሪውን ይተዉትና ገመዶቹን ይመርምሩ።

በድሬዳዋ ባትሪ ቶሎ የሚያልቅበት የታወቀ ምክንያት አለ። ሙቀት በባትሪው ውስጥ ያለውን ኬሚካላዊ ሂደት ያፋጥናል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ባትሪው ተቀምጦ በራሱ የሚያጣው ኃይል በግምት እጥፍ ይሆናል። ውሃውም ይተንና የእርሳስ ሰሌዳዎቹ ይራቆታሉ፤ የተራቆተው ክፍል ዳግም አያገግምም። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ያለው ሰው በሞቃት ወራት ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ከፍቶ ቢያይ መልካም ነው። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃችን በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው በካልሲየም የበዛ ውሃ በመሆኑ ለባትሪ መርዝ ነው፤ አሲድ መጨመርም አይገባም፣ የተነነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለምና።

የባትሪው ጀርባ ላይ የሚከማቸው አቧራና የአሲድ ርጥበት ሲቀላቀሉ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ኤሌክትሪክ የሚያንሸራትት ቀጭን ሽፋን ይሠራሉ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በኔጌቲቭ ምሰሶው ላይ አስይዘው፣ ሌላውን ጫፍ በፕላስቲኩ ጀርባ ላይ ሲያንሸራትቱ ቁጥር ካነበበ፣ ባትሪው ሌሊቱን ሙሉ በገዛ ጀርባው ላይ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ወደ ሴሎቹ ሳያስገቡ አጥበው ማድረቅ ይበቃል።

ቴስተሩ 12 ቮልት እያሳየ መኪናው ለምን አይሠራም?

ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚወጣው ይህ ነጥብ ባለመታወቁ ነው። ዝገት ያጠበበው ቧንቧ ቢኖርዎት፣ የቧንቧው አፍ ተዘግቶ ሳለ ግፊቱ ከጤነኛው ቧንቧ ጋር እኩል ነው፤ ጠባብነቱ የሚታወቀው ሲከፈትና ውሃው መፍሰስ ሲጀምር ነው። ገመድም እንዲሁ ነው። ከሃያና ሠላሳ የመዳብ ክሮቹ አንዱ ብቻ የቀረው ገመድ ምንም ሳይሠራ ሲለካ 12 ቮልት ያሳያል፤ መብራት ሲበራበት ወይም ሞተሪኖ ሲጠራው ግን ግፊቱ እዚያው ጠባቡ ቦታ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ሥራ ላይ ባልሆነ መስመር ላይ የተገኘ 12 ቮልት ስለ ገመዱ ጤና ምንም አይናገርም። ልኬቱ ዋጋ የሚኖረው ዕቃው እየሠራ ሳለ ሲወሰድ ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ መኪናው እንዳይነሣ ለካንዴላ እሳት ወደሚሰጠው ቦቢና የሚገባውን ቀጭን ገመድ ይንቀሉ። የቴስተሩን ቀይ ጫፍ ቀለም በሌለው የሞተሩ ብረት ላይ፣ ጥቁሩን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ ያስይዙ፤ በምሰሶው ራሱ ላይ እንጂ ምሰሶውን በሚያቅፈው ማሰሪያ (ሞርሴቶ) ላይ መሆን የለበትም፣ ምክንያቱም ችግሩ በሁለቱ መካከል ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። ሞተሪኖው ሲሠራ የሚነበበው 0.2 ወይም 0.3 ቮልት ከሆነ የመመለሻው መንገድ ጤነኛ ነው። አንድ ቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ያ ሁሉ ግፊት በማሳው ላይ እየጠፋ ነው። በፖዘቲቩ በኩልም ከባትሪው ምሰሶ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ድረስ በተመሳሳይ መንገድ ሲለካ፣ ከግማሽ ቮልት ማለፍ የለበትም።

ቴስተር ለሌለው ሰው ሌላ መንገድ አለ። ባትሪ ለመበደር ከሚያገለግሉት ወፍራም ገመዶች አንዱን ወስደው አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ያስይዙና ይሞክሩ። ሲያቃስት የነበረው ሞተሪኖ በጉልበት ከዞረ፣ ብልሽቱ የማሳው ገመድ ነው።

ቀደም ሲል ያነሣነውን ሽሩብ በቅርብ ሆኖ ማየት ይጠቅማል። ከላይ ሲታይ ዘይትና አቧራ የጠጣ ጥቁር ጨርቅ ይመስላል፤ ብሎኑ ግን አጥብቆ እንደያዘ ነው፣ በመሆኑም ማንም አይጠረጥረውም። ብሎኑ ተፈትቶ ሽሩቡ በጣት ሲታሽ አረንጓዴ ዱቄት ይራገፋል፤ ከሥሩም የሞተሩ ብረት በዝገት ተሸፍኗል። ሞተሪኖው የሚጠይቀው ኤሌክትሪክ በዚህ መንገድ ማለፍ ሲያቅተው ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም አብዛኛውን ጊዜ ቀጭኑን የነዳጅ መርገጫ ካቦ ነው። ቁልፍ ሲዞር የሚሞቅ ወይም የሚጨስ ካቦ ያየ ሰው ካቦውን ከመቀየሩ በፊት ማሳውን ይይ። መፍትሔው ቀላልና ርካሽ ነው፦ ሽሩቡን መቀየር፣ የሚያርፍበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያብረቀርቅ መፋቅ፣ አጥብቆ ማሰር፣ ከላዩ ግራሶ መቀባት።

የፊት መብራት መደብዘዝም በአብዛኛው ከዚሁ ይመጣል። ወደ አምፖሉ የሚደርሰው ቮልት በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ፍሬቻ በበራ ቁጥር የፊት መብራቱ አብሮ የሚርገበገብ ከሆነ ሁለቱ የሚጋሩት ማሳ ላልቷል፤ አምፖል መቀየር ምንም አይጠቅምም።

ቁልፉ ሲዞር የሚሰማው ድምፅ ምን ይናገራል?

ፈጣን «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ካለ ባትሪው ወርዷል ወይም የባትሪው ማሰሪያ ላልቷል። አንድ ጊዜ «ጧ» ብሎ ዝም ካለ ሞተሪኖው ወይም በላዩ ያለው መሳቢያ (ሶሌኖይድ) ተበላሽቷል። ምንም ድምፅ ሳይሰማ የዳሽቦርዱ መብራት ግን ደምቆ ከበራ፣ የሚጠረጠረው የቁልፉ ማዞሪያ (ኳድሮ) ወይም ከእርሱ ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ቀጭን ገመድ ነው። የዳሽቦርዱም መብራት ከሌለ ከባትሪው ማሰሪያዎች ይጀምሩ፤ በእጅ ሲነቀነቅ የሚዞር ማሰሪያ ፈጽሞ እንዳልታሰረ ይቆጠራል።

ዳገት ላይ መብራቱ የሚደክመው ለምንድነው?

ከድሬዳዋ ተነሥቶ በደንገጎ በኩል ወደ ሐረር የሚወጣ ሰው፣ ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 2,000 ሜትር ወደሚጠጋው የሐረማያ አምባ ይደርሳል። ሲመሽ መብራት ያበራል፤ ትንሽ ቆይቶ መብራቱ ወደ ቢጫ ይለወጣል፣ ቀጥሎ ክላክሱ ይከሳል፣ በመጨረሻ ሞተሩ መቆራረጥ ይጀምራል። ብዙ አሽከርካሪዎች የነዳጅ ችግር ነው ብለው ካርቡሬተር ይነካካሉ። የሆነው ግን ዲናሞው ኃይል መስጠት አቁሞ መኪናው በባትሪው ብቻ እየተጓዘ ነው። ሁለት ባለ 55 ዋት የፊት መብራቶች ብቻ 9 አምፔር ገደማ ይወስዳሉ፤ ቦቢናው ሲጨመርበት ግማሽ የቀረው ባለ 45 አምፔር-ሰዓት (ማለትም ሲሞላ አንድ አምፔር ለ45 ሰዓት የሚሰጥ) ባትሪ ሁለት ሰዓትም አይዘልቅም። ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ቦቢና ከዚሁ ባትሪ ስለሚቀዳ ቤንዚን መኪና በመጨረሻ ይቆማል። አሮጌ የናፍጣ ሞተር ካንዴላ ስለሌለው ያለ ዲናሞ ረዘም ላለ ጊዜ ሊጓዝ ይችላል፤ ነዳጁን በኤሌክትሪክ የሚዘጋ ቫልቭ ካለው ግን እርሱም ባትሪው ሲያልቅ ይጠፋል።

የዲናሞ ምርመራ ቀላል ነው። ሞተሩ ተነሥቶ ትንሽ ነዳጅ ተሰጥቶት ሳለ በባትሪው ምሰሶዎች ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መነበብ አለበት። የፊት መብራት ሲበራም ከ13.5 በታች ሊወርድ አይገባም። ቁጥሩ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ከነበረው ካልጨመረ ዲናሞው አይሠራም፤ ከ15 ካለፈ ደግሞ ተቆጣጣሪው (ሬጉሌተሩ) ተበላሽቶ ባትሪውን እየቀቀለው ነው፣ ይህም ውሃው ቶሎ ቶሎ በማለቁ ይታወቃል። ዲናሞ ከማስፈታት በፊት ቺንጋው አለመላላቱን፣ ከዲናሞው ጀርባ ያለው ወፍራም ገመድ በሚገባ መታሰሩን፣ እንዲሁም ቁልፉ ሲከፈት የዳሽቦርዱ የባትሪ ምልክት መብራቱን ያረጋግጡ። ይህች ትንሽ አምፖል በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ከማስጠንቀቅ ያለፈ ሥራ አላት፤ ዲናሞውን መጀመሪያ የሚቀሰቅሰው ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በእርሷ በኩል ስለሆነ፣ እርሷ ከተቃጠለች ጤነኛ ዲናሞ እንኳ ላይነቃ ይችላል። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ያለቁት የዲናሞው ካርቦኖች ሊሆኑ ይችላሉ፤ እነርሱን መቀየር ዲናሞውን በሙሉ ከመቀየር በብዙ ይረክሳል።

አጥብቄ የምቃወመው አንድ ልማድ አለ። ሞተሩ እየሠራ ሳለ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» ማለት በየመንደሩ የተለመደ ምርመራ ነው። ባትሪው በድንገት ሲወጣ የዲናሞው ቮልት በቅጽበት እጅግ ከፍ ይልና ውስጡ ያሉትን ዳዮዶች (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን)፣ ሬጉሌተሩንና የመኪናውን ቴፕ ሊያቃጥል ይችላል። ጤነኛ ሆኖ የገባ ዲናሞ በምርመራው ምክንያት ተበላሽቶ ሊወጣ ይችላል፤ በምሰሶዎቹ ላይ የሚነበበው ቁጥር ያለ አንዳች ጉዳት ያንኑ መልስ ይሰጣል።

ቆሞ ያደረ መኪና ባትሪው ለምን ይወርዳል?

መኪናው ጠፍቶ ሳለ ተደብቆ ኤሌክትሪክ የሚበላ ነገር ሲኖር ነው። ግማሽ አምፔር ብቻ የሚስብ ነገር በአንድ ቀን 12 አምፔር-ሰዓት ይወስዳል፤ ያም ባለ 45 ባትሪን በሁለት ቀን ከግማሽ በታች ያወርደዋል። ለማወቅ ሁሉንም ነገር አጥፍተው፣ በሮቹንም ዘግተው፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይንቀሉና በገመዱና በምሰሶው መካከል ትንሽ የ12 ቮልት አምፖል ያገናኙ። አምፖሉ ከበራ የሚበላ ነገር አለ። በቴስተር አምፔር ላይ ሲለካ ደግሞ ከ0.05 አምፔር በላይ መሆን የለበትም፤ ቴስተሩ በመካከል እያለ ግን ሞተር ለማስነሣት አይሞከር፣ ወዲያው ይቃጠላል። ቀጥሎ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ መብራቱ የጠፋበትን መስመር ይለያሉ። ሁሉም ፊውዝ ወጥቶ አምፖሉ አሁንም ከበራ ወፍራሙን የዲናሞ ገመድ ይንቀሉ፤ ያን ጊዜ ከጠፋ ከዲናሞው ዳዮዶች አንዱ ኤሌክትሪኩን ወደ ኋላ እየለቀቀ ነው። በተግባር ግን መጀመሪያ የሚጠረጠሩት መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ያልነበሩት ነገሮች ናቸው፦ አላርም፣ ቴፕና ድምፅ ማጉያ፣ ተጨማሪ የጭጋግ መብራት፤ በተለይ በፕላስተር ተጠቅልለው ያለ ፊውዝ ከባትሪው በቀጥታ የተቀጠሉት።

ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል ተለቅ ያለውን ማስገባት ይቻላል?

አይቻልም። ፊውዙ የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ባለ 10 አምፔሩን (ቀዩን) በባለ 30 (በአረንጓዴው) መተካት፣ ወይም በሲጋራ ወረቀት ብልጭልጭ መጠቅለል፣ ከዚያ በኋላ የሚቃጠለው ገመዱ ራሱ እንዲሆን መፍቀድ ነው፤ ገመዱ ደግሞ በምንጣፉና በነዳጅ መስመሩ አጠገብ ያልፋል። በአሮጌ ቶዮታዎች ላይ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ፊውዝ ሆኖ የሚያገለግል አጭር ገመድ አለ። ሲቃጠል ላዩ ጤነኛ መስሎ ስለሚቀር ያታልላል፤ በሁለት እጅ ሲሳብ እንደ ላስቲክ ከተለጠጠ ውስጡ ያለው መዳብ ቀልጧል። ባትሪው ሙሉ ሆኖ መኪናው በአንድ ጊዜ ፈጽሞ ከጨለመ በመጀመሪያ የሚታየው እርሱ ነው።

ከሌላ መኪና ባትሪ ሲበደር ገመዶቹ በምን ቅደም ተከተል ይታሰሩ?

ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጂን የሚባል በቀላሉ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል፤ የመጨረሻው ገመድ ሲታሰር የሚፈናጠቀው ብልጭታ ባትሪው አጠገብ ከሆነ አደጋ አለው። ስለዚህ ቀዩ ገመድ በመጀመሪያ ከሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ ከአበዳሪው ፖዘቲቭ ጋር ይታሰራል። ጥቁሩ በመጀመሪያ ከአበዳሪው ኔጌቲቭ ጋር ከታሰረ በኋላ፣ ሌላኛው ጫፉ ከባትሪው ራቅ ባለ የሞተር ብረት ላይ ይያዛል። ሲፈታ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ቀይና ጥቁርን ማቀያየር በቅጽበት የዲናሞውን ዳዮዶች ያቃጥላል፤ የቀለሙን ምልክት ሳይሆን በምሰሶው ላይ የተቀረጸውን የመደመርና የመቀነስ ምልክት ይመኑ፣ በአሮጌ መኪና ላይ ገመዱ በሌላ ቀለም ተቀይሮ ሊሆን ይችላልና። ሞተሩ እንደተነሣ ጉዞ ከመጀመርዎ በፊት በምሰሶዎቹ ላይ ቮልቱን ይለኩ፤ 13.8 ካልደረሰ ዲናሞው እስኪጠገን ድረስ መኪናው ከከተማ አይውጣ።